የሰው ሃይላንድ አያደምቅ

«አባዬ፣ ከስንት ወደ ስንት ነው ከፍ የሚለው?»

እራት ላይ ነን። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። በዚያ ሳምንት ሁለት የቤት ሥራ ይዛ መጥታ ነበር። አንዱ የሥዕል ነው፤ ከተጣለ ዕቃ የጥበብ ሥራ መሥራት። ሌላው የእንግሊዝኛ ክርክር ነው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ከፍ ሊል ይገባል» የሚል ነው። እሷ የደረሳት የደጋፊው ወገን ነው።

አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። 14 ዓመት ሙሉ ወር በመጣ ቁጥር የሰው ደመወዝ ስሠራ ኖሬያለሁ። የሰው ስም ይጠፋኛል፣ ደመወዙ ግን አይጠፋኝም። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

«ከምንም» አልኳት።

«እንዴት ከምንም?»

«ወለሉ የለንማ።»

እጇ ትሪው ላይ ቀረ። «ታዲያ የሌለ ነገር እንዴት ከፍ ይላል?»

እናቷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። የሳቅነው መልስ ስላልነበረን ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

ሕጉማ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ስልኬ ላይ አውጥቼ አንቀጽ 55ን አነበብኩላት። የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ይናገራል። ቦርዱ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ያሻሽላል ይላል። አዋጁ ሲወጣ ልጄ ፊደል እየቆጠረች ነበር። እሷ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች፤ ቁጥሩ ግን አልመጣም። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮ የሠራተኞች ቀን በደረሰ ቁጥር ያነሣዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ መነሻ አለው። 1,100 ብር የነበረው በ2017 ዓ.ም. 4,760 ገባ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ 6,000። በግሉ ዘርፍ ግን ወለሉ አሠሪው የቆመበት ቦታ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ሳደርሳት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመች። ረፍዶብናል ብላት አልሰማችኝም። ማስታወሻ ደብተር አውጥታለች። «ጽዳት። ብዛት 4። ጾታ ሴት። ደመወዝ በስምምነት።» ቀጥሎ ያለው ጥበቃ ነው፤ እሱም በስምምነት። አስተናጋጅ፣ በስምምነት።

«አባዬ፣ ከማን ጋር ነው የሚስማሙት?»

«ነይ፣ ደወል ሊደወል ነው» አልኳት።

ባሕር የሌላቸው ሰዎች ዓሣ ነባሪ

የሥዕል መምህሩ ጥሩ ሐሳብ ነበራቸው። ኤግዚቢሽኑን ለኅዳር 12 ያዙት። ኅዳር ሲታጠን አዲስ አበባ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ፤ በየደጁ ቆሻሻ ይከመራል፣ ይነዳል፣ ከተማው በጭስ ይታፈናል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጀው የተጀመረ ነው። መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም እናጥናለን። መምህሩ ታዲያ «ዘንድሮ አናቃጥለውም፣ እንሠራበታለን» አሉ። ልጆቹ በጣም ወደዱት። እኔም ወደድኩት።

የልጄ ቡድን ዓሣ ነባሪ ለመሥራት ወሰነ። ለምን ዓሣ ነባሪ? ኢንተርኔት ላይ አይተው ነዋ። ፕላስቲክ የውቅያኖስ እንስሳትን እየገደለ ነው። ባሕር በር የለንም፣ ዓሣ ነባሪም በዓይናችን አላየን፤ ሐዘኑ ግን ደርሶናል። ትንሽ ላሾፍባት ፈልጌ ነበር፤ ቀጥሎ የሆነውን ሳይ ቀልዱ አፌ ላይ ቀረ።

ችግሩ ጠርሙሱ ነበር። ፋብሪካው የማንም ይሁን፣ በእኛ አፍ ሁሉም ሃይላንድ ነው። አራት ሜትር ለሚጠጋ ዓሣ ብዙ መቶ ሃይላንድ ያስፈልጋል። ልጆቹ ከየቤታቸው ለቃቅመው ያመጡት 40 ቢሆን ነው። ሁለት ቀን ሲቀር አንዱ ልጅ እየሮጠ መጣ። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ሃይላንድ አግኝቷል! ደግሞ እንዴት ያለ! ታጥቧል። ላዩ ላይ ያለው ወረቀት ተልጧል። ክዳኑ ወልቆ ለብቻው ዘይት ጀሪካን ውስጥ ተቀምጧል። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ከደስታዋ ብዛት እጇን እያወናጨፈች ነበር።

ማንንም አልጠየቁም። ቆሻሻ ለመውሰድ ማን ይጠየቃል?

እኔስ? 14 ዓመት ሒሳብ የሠራሁ ሰውዬ፣ «ማን አጥቦት ነው?» አላልኩም። «ጎበዞች» ነው ያልኳት።

«እኔ እኮ አልጣልኩትም»

ዓርብ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ግቢው ደምቋል። ሣር ተጎዝጉዟል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ፈንዲሻው እግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ከመኪና ጎማ የተሠራ አንበሳ አለ። ከጣሳ የተሠራ ሮቦት አለ። መሐል ላይ የኛው ዓሣ ነባሪ ተጋድሟል፤ ጀርባው ሰማያዊ ስፕሬይ ተቀብቷል፣ ሆዱ እንደነበረ ነጭ ብርሃን ያሳልፋል። ፊቱ ላይ ካርቶን ተለጥፏል። «ከ340 የተጣሉ ጠርሙሶች የተሠራ» ይላል። ወላጅ ሁሉ ፎቶ ያነሣል። እኔም አነሣሁ።

አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መወልወያ ይዘው ከዓሣው ጎን ቆሙ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይሆናል። እንደሌላው ሰው ራቅ ብለው አላዩትም። ተጠጉና በአንድ ጣታቸው የአንዱን ጠርሙስ አንገት ነኩ። ቀጥሎ ያለውን ነኩ። ከዚያ ሌላውን። እየቆጠሩ መሰለኝ።

ልጄ አስተናጋጅነቱ ደርሷት ስለነበር ሮጣ መጣች። ደረቷ ላይ ባጅ አለ። እንደተማረችው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ሁሉንም የሠራነው ከቆሻሻ ነው። ሰው ከጣለው ነገር» አለቻቸው።

«እኔ እኮ አልጣልኩትም ነበር፣ የኔ ልጅ» አሉ።

ቁጣ የለውም። ወቀሳም አይመስልም። አንድ ሰው የተሳሳተ አድራሻ ሲነግሩት እንደሚያርመው ነው ያረሟት። ከዚያ መወልወያቸውን አንሥተው ፈንዲሻ ወደተበተነበት ሄዱ።

ልጄ ወደኔ ዞረች። ፊቷን እስካሁን አልረሳውም። ካርቶኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ካርቶኑን አየች። ዳይሬክተሩ ማይክሮፎን ላይ ስለ ፈጠራ እየተናገሩ ነበር። ሰው አጨበጨበ። ልጄም ሳታስበው ሁለት ጊዜ አጨበጨበችና እጇን አወረደች።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ወርቅ ቢሆን ኖሮ እኮ የሰው መሆኑ አይጠፋንም ነበር። ሃይላንድ ስለሆነ ነው።

ቧንቧው ጋ

ሴትዮዋን ቧንቧው ጋ አገኘኋቸው። ይቅርታ ልል ነው የሄድኩት፤ እንዴት እንደሚጀመር ግን ጠፋኝ።

«ተዉት ጌታዬ፣ የልጆች ነገር ነው» አሉኝ ገና ሳልጨርስ። «እኔን የገረመኝ ወረቀቱ ነው። አንድ በአንድ ነው የላጥኩት። ሲላጥ ቁራሌው ጥሩ ይወስደዋል።»

«ስንት ይወስደዋል?»

«ኪሎውን 30።»

ከትምህርት ቤቱ ጋር በቀጥታ አልተቀጠሩም። ኤጀንሲ ነው ያስገባቸው። እጃቸው ላይ የሚደርሰው 2,250 ብር ነው። ይህን ሲሉኝ ጭንቅላቴ ሳላዘው ወደ ኋላ ሠራው። 2,500 ያልተጣራ፤ 7 በመቶ ጡረታ፣ 175። ከ2,000 በላይ ላለው 15 በመቶ ግብር፣ 75። 2,250። ልክ ነው፣ ይመጣል። ሰው ችግሩን እየነገረኝ እኔ ሒሳቡ በመግጠሙ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

«ሃይላንዷ ለምንድን ናት?» አልኳቸው።

«ለታክሲ። ወሩ ሃያ ምናምን ሲገባ የምሳፈረው በሷ ነው።»

አንቱ እያልኳቸው ነበር፤ እሳቸውም አንቱ ይሉኛል። ልጄም እትዬ ብላቸዋለች። ሁላችንም በጣም ጨዋ ነበርን። አንቱታ ከኪስ ምንም አያስወጣም። አገራችን ውስጥ ክብር በነጻ የሚታደል ነገር ስለሆነ ደመወዙን የሚተካ ይመስለን ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

ሚዛኑ ላይ

ማታ ልጄ የወጥ ቤት ሚዛን አወጣች። ሦስት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጫነችበት፤ 50 ግራም። ለኪሎ 60 ጠርሙስ። ከማዳበሪያው የወሰዱት 300 ነው። አምስት ኪሎ። 150 ብር።

«ትንሽ ነው» አለች። ተስፋ ያደረገች ይመስላል።

«2,250ን ለ26 የሥራ ቀን አካፍዪው» አልኳት።

ስልኳ ላይ መታችው። 86 ብር ከምናምን። ዝም አለች። 150 ብር ሁለት ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ደመወዝ ነው። አንድ ክፍል ልጅ፣ በአንድ ከሰዓት፣ የሰው ሁለት ቀን በሙጫ አጣበቀ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝና ስለ ቆሻሻ ሳስብ አደርኩ። እኛ ያደግንበት ሰፈር የተጣለ ነገር የሚባል አልነበረም። «ቁራሌው!» የሚለው ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚል መጣ ይባላል። ምን አለሽ ተራ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው በረባሶ ይሆናል፣ የቲማቲም ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። ማንም ጥበብ አላለውም፤ እንጀራ ነበር። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የዓለም ሙዚየሞች የሚሻሟቸውን ሥራዎች የሚሠራው ከኮምፒዩተር ውስጥ ከወጣ ሽቦና ሰሌዳ ነው። ዕቃውን ግን ከመርካቶ ነጋዴዎች ይገዛል። ከፍሎ። ልዩነቷ እዚህ ጋ ናት። መጋቢት 2 ቀን 2009 የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያው ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ብዙዎቻችን «ሰው እዚያ ምን ያደርግ ነበር?» ብለን ጠይቀናል። ይኖር ነበር። ይለቅም ነበር። ክምሩን እኛ ቆሻሻ አልነው እንጂ ለነሱ የሥራ ቦታ ነበር።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። እኛም ቢሮ ጽዳት በኤጀንሲ ነው። ሰነዴ ላይ አንድ መስመር ናት፤ «የጽዳት አገልግሎት»። ከሥር ስንት ሰው እንዳለ፣ ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚደርስ አይታይም። ፋይሉን ከፈትኩ። ሦስት ፕሮፎርማ አለ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸንፏል። ከሥር ማን ፈርሟል? እኔ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ኤጀንሲዎቹ በምን ይበላለጣሉ? ሳሙናው ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው። በረኪናው አንድ ነው። መወልወያው ከአንድ ሱቅ ነው የሚገዛው። ዋጋ ሊቀነስ የሚችለው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከሴትዮዋ። ደህና ልክፈል የሚል ኤጀንሲ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። የምጥለው ደግሞ ክፉ ስለሆንኩ አይደለም፤ የግዥ መመሪያው ስለሚል ነው። ወለል ቢኖር ኖሮ ሦስቱም ፕሮፎርማ ከዚያ በላይ ይጀምሩ ነበር፤ የቀረውን በሥራ ጥራት ይፎካከሩበት። ይህን በ14 ዓመት አለማሰቤ ነው የሚቆጨኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብኝ እንጂ መንግሥትን ብቻ ብወቅስ ይቀለኝ ነበር።

14 ከ20

ክርክሩ ረቡዕ ነበር። ልጄ ደህና ተዘጋጅታለች። የደመወዝ ወለል በሕግ በማውጣት ኒውዚላንድ በ1894 እ.ኤ.አ. ቀዳሚዋ እንደሆነች አንብባለች። የአሜሪካ የፌደራል ወለል ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ እንደቆመ ታውቃለች።

ተቃዋሚው ልጅ የዋዛ አልነበረም አሉ። «ወለሉ ከፍ ካለ አሠሪው ሰው ይቀንሳል፤ ያላትንም ሥራ ታጣለች» አለ። ፍርሃቱ ባዶ አይደለም፤ እኔም የምፈራው ነው። ልጄ ካርድና ክሩገር የሚባሉትን ሁለት ኢኮኖሚስቶች ጠቀሰችለት። ኒውጀርሲ በ1992 እ.ኤ.አ. ወለሉን ከ4 ከ25 ወደ 5 ከ05 ዶላር ስታሳድግ፣ ካላሳደገችው ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ጋር አነጻጽረው የበርገር ቤቶች ሠራተኛ ሲቀንሱ አላገኙም። ካርድ በ2021 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። እኔ በበኩሌ የኒውጀርሲ በርገር ቤት ለመርካቶ ሱቅ ምስክር ይሆናል ብዬ አልምልም። እዚህ አብዛኛው ሰው ውል እንኳን የለውም፤ ወለሉ ቢወጣም ጀብሎና የቤት ሠራተኛ ጋ ለመድረስ ብዙ መንገድ አለው። ግን የትምህርት ቤቷ ሴትዮ ውል አላቸው። ጡረታ ይቆረጥባቸዋል። ግብር ይከፍላሉ። ለመቁረጥ ሲሆን አግኝተናቸዋል።

ልጄ በመጨረሻ የተጻፈላትን ትታ የራሷን ተናገረች። ርዕሱ ስሕተት ነው አለች። እኛ አገር ከፍ የሚል ነገር የለም፤ መጀመሪያ ይኑር። ከዚያ ስለ ሃይላንዱ ተረከች። 300 ጠርሙስ፣ 5 ኪሎ፣ ሁለት ቀን ሊሞላ የቀረው ደመወዝ።

14 ከ20 አገኘች። ወረቀቱ ላይ በቀይ «ከርዕስ ወጥተሻል» ተብሏል።

ቡድኑ 200 ብር አዋጥቶ ለሴትዮዋ ሰጥቷል። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ መረቁ፣ ከዚያ «ዓሣውን ስትጨርሱበት ልውሰደው?» አሉ። ልጆቹ ደስ አላቸው። ቁራሌው መጥቶ ሲያየው ግን ራሱን ነቀነቀ። ቀለም የነካው፣ ሙጫ ያለበት ፕላስቲክ አይወሰድም፤ ፋብሪካው ይመልሰዋል። እንግዲህ በአካባቢ ጥበቃ ስም የሠራነው ሥራ እንደገና ሊቀልጥ የሚችለውን ጠርሙስ እውነተኛ ቆሻሻ አድርጎት ቁጭ አለ። ሴትዮዋ ቢላዋ አምጥተው ያልተቀባውን የሆዱን ጠርሙስ ብቻ እየቆረጡ አወጡ። ልጄ ስትይዝላቸው ዋለች።

ጥር ላይ የቢሯችን የጽዳት ውል አለቀ። ፕሮፎርማ መሰብሰቢያው ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ «ለአንድ ሠራተኛ በወር የሚከፈል የተጣራ ደመወዝ»። አለቃዬ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አለኝ። «ለማነጻጸር ነው» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ፈረመ።

ሦስት ፕሮፎርማ መጣ። ሁለቱ ዓምዱን ባዶ ትተውታል። ሦስተኛው ሞልቶታል፤ «በስምምነት» ይላል።